እትዬ ቅመሱ ጣዕም ያጡበት ዓመት

ሐሙስ ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ በአውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ ሥራ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከሞተር ሥር የተኛው መካኒክ በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ይጠይቃል፤ ጎማ የሚፈታው ቁልፉን ይዞ ይቆዝማል፤ ቀለም ቀቢው ብሩሹን ያለ ጊዜው ማጠብ ይጀምራል። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። ሐሙስ በሠራተኞች ክበብ የማካሮኒ ቀን ነው። ተቀቅሎ ስጎ የሚደፋበት ማካሮኒ አይደለም። በነጭ ስጎና በሁለት ዓይነት ፎርማጆ ተለውሶ፣ ላዩ ላይ በቅቤ የታሸ የዳቦ ፍርፋሪ ተነስንሶበት፣ ኦቨን ገብቶ ጠርዙ እስኪንጣጣ የሚጋገር ማካሮኒ ነው።

ይህን ማካሮኒ ሠላሳ ዓመት ያህል የሠሩት ሴት ትክክለኛ ስማቸው ያለው በአስተዳደር ክፍሉ መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ቅመሱ ናቸው። በክበቡ በር ያለፈን ሰው ራበው ጠገበ ሳይሉ ጭልፋ ይዘው ብቅ ይሉበታል። «ቅመሱ እስቲ» ይላሉ። ቀማሹ «ጥሩ ነው» ካለ ደግሞ ይቆጣሉ። «ጥሩ ነው የሚባለው አየር ነው። ምን ጎደለው?» ይላሉ። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን የማንንም መልስ አይጠብቁም ነበር። የጎደለው ነገር ከማንም በፊት የሚገባው ለራሳቸው ምላስ ነበር፤ ጭልፋዋ የምትዞረው ለጨዋታ ነው።

የእሳቸውን ነገር አብጥራ የምታውቀው ምራታቸው ናት። እሷም የምትሠራው እዚያው ጋራዥ ነው። የተቀደደ የአውቶቡስ ወንበር ልብስ ትሰፋለች። የእትዬ ቅመሱን ልጅ አግብታ ቤታቸው ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ቢሆንም አማቷ ዛሬም የሚጠሯት «ሙሽሪት» እያሉ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ከሳምንቱ አራቱን ቀን ቤት የለም። ስለዚህ ቤቱ የሁለቱ ሴቶች ነው። ጎረቤቶች ገና በመጀመሪያው ወር «አማትና ምራት አንድ ጓዳ ሲገቡ ድስቱ ራሱ ይጨነቃል» ብለው ነበር። አልሆነም። ያልሆነበትም ምክንያት ሙሽሪት ምግብ መሥራት ስለማትችል ነው፤ በጓዳው ላይ የይገባኛል ጥያቄ የላትም። በገባች በሳምንቷ ልታስደስታቸው ብላ ማካሮኒ ቀቀለች። አማቷ ማማሰያውን መሃሉ ላይ ተከሉት፤ ማማሰያው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ይሆናል» አሉ በእርጋታ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ እጅሽ የተፈጠረው ለመርፌ ነው። እኔ ደግሞ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ነው ያረጀሁት። እንቻቻል። አንቺ አልብሺኝ፣ እኔ አበላሻለሁ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሙሽሪት ጓዳ የምትገባው ለወሬ ነው። ዱካ ላይ ቁጭ ብላ የነገ ሥራዋን ቁልፍ እየተከለች አማቷን ታያለች። ወተቱን በግማሽ ሽንኩርትና በሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ቀስ አድርገው ያሞቁታል። የገበታ ቅቤ አቅልጠው የፉርኖ ዱቄት ያክሉበትና ብስኩት ብስኩት እስኪሸት፣ ግን ሳይቀላ፣ ያምሱታል። «ዱቄት ጥሬውን ከቀረ እስከ ማታ ምላስ ላይ ይተኛል» ይላሉ። ወተቱን የሚጨምሩት በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስጎው ወፍሮ የማንኪያውን ጀርባ ሲያለብስ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬና ከገውዝ ፍሬ ላይ በመፈቅፈቂያ ጥቂት ይጨምሩና ድስቱን ከእሳት ያወርዳሉ። ሙሽሪት ቺዝ የምትለው፣ እሳቸው ፎርማጆ የሚሉት፣ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዱ የሚሳብ ለጋ፣ ሌላው ደረቅና ኃይለኛ። «ፎርማጆ እሳት ላይ ከጨመርሽው እንደ ተሰደበ ሰው ይቋጠራል፤ ብትለምኚውም አይፈታም» ይላሉ። ማካሮኒው ከውሃ የሚወጣው መሃሉ ላይ ገና ትንሽ አጥንት፣ ያልበሰለ ጠንካራ ነገር፣ ሲቀረው ነው፤ የቀረውን ኦቨኑ ይጨርሰዋል። ለዚህ ሁሉ አንድም ቀን ሲሰፍሩ ወይም ሲመዝኑ አታውቅም። ከአስተዳደር አንድ ሰው መጥቶ አሠራሩ ይጻፍልን ሲላቸው «ምላስ ይጻፋል እንዴ?» ብለው ሸኝተውታል።

ያን ዓመት የብርዱ ወር እንደገባ ክፉ ጉንፋን ያዛቸው። ሁለት ሳምንት ተኙ። ሐሙሶቹ ያለ እሳቸው ሲያልፉ ጋራዡ ሐዘን የገባ መሰለ። በሦስተኛው ሳምንት ተነሥተው ሽርጣቸውን አስረው ገቡ፤ ዘጠና ሰው አጨበጨበላቸው።

ሙሽሪት የመጀመሪያውን ጉርሻ አፏ ውስጥ ስታደርግ ዓይኗን ጨፈነች። ጨው ነው። የበዛ ጨው ብቻ አይደለም፤ ማካሮኒው ጨው ውስጥ የወደቀ ነው የሚመስለው። ቀና ብላ አዳራሹን አየች። ሁሉም ያኝካል፣ ማንም አይናገርም። ከፊት ለፊቷ የተቀመጡት ዋናው መካኒክ፣ ሠራተኛው ጋሼ ብሎን የሚላቸው፣ በአንድ ጉርሻ አንድ ብርጭቆ ውሃ እያደረጉ በትዕግሥት ይበላሉ። እትዬ ቅመሱ በጠረጴዛዎቹ መሃል እየተዘዋወሩ «እህሳ?» ሲሉ ሁሉም «እንኳን ደህና መጡ» አላቸው። ስለ ማካሮኒው የተናገረ የለም። እሳቸውም ከአንድ ሳህን ላይ በማንኪያ ቆንጥረው ጎረሱና ዋጡ። ፊታቸው አልተለወጠም።

ሙሽሪት ያን አየች፤ ልቧም ደነገጠ። ለጋ ፎርማጆውን የሚያመጣው ሰው ላሟን በምን እንደመገበ ከጣዕሙ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማካሮኒው ጨው የሚባል አልነካውም፤ ዱቄቱም አርሯል። አሁንም ሰው ሁሉ ዝም ብሎ በላ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሙሽሪት ከጓሮ ልብስ አስጥታ ስትመለስ ቤቱ በተቃጠለ ወተት ሽታ ታፍኗል። አማቷ ምድጃው አጠገብ ቆመው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ወተቱ ከጎናቸው ገንፍሎ፣ ፈስሶ፣ ከሰል ሆኗል። ጀርባቸውን ሰጥተውት በእርጋታ ይከትፋሉ።

ሙሽሪት ሄዳ እሳቱን አጠፋች። እትዬ ቅመሱ ዘወር ብለው ድስቱን አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ፤ ቢላውንም ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማዬ?» አለቻቸው።

«ከምን?»

«ይተዉኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዱካዋን ስበው ተቀመጡ። «ትኩሳቱ የለቀቀኝ ዕለት» አሉ። «ሾርባ ሰጠሽኝ፤ ሙቅ ውሃ መሰለኝ። ገና ስላልዳንኩ ነው አልኩ። ከዚያ ሎሚ ነከስኩ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን አኘክሁ። ባዶ ነው ልጄ። አፌ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ጥጥ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ዓይነ ስውር ሹፌር መንገድ ጠፋኝ ብሎ ለተሳፋሪ ይናገራል?»

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ አፍንጫቸውን በመብራት አየና ጉንፋኑ የማሽተቻ ነርቩንም የመቅመሻውንም ጎድቷል አለ። በስድስት ወር ሊመለስ ይችላል፣ በዓመትም ሊሆን ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ለመድኃኒት ያህል የሰጣቸው ልምምድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አራት ነገር፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ሳሙና፣ በየተራ እያሸተቱ ሽታውን ለማስታወስ መሞከር።  ተመልሰው የቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ እትዬ ቅመሱ «ጽሕፈትሽ ያምራል። የጡረታ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አሏት።

ሙሽሪት ወረቀት አላወጣችም። «የዚህን ሐሙስ ፈቃድ ይውሰዱና አንድ እሑድ ይስጡኝ» አለቻቸው። «ከእሑድ በኋላ ጻፊ ካሉኝ እጽፋለሁ።»

ሐሳቡ የመጣላት ከራሷ ሙያ ነው። ሙሽሪት አሮጌ የወንበር ልብስ ስትቀይር አዲሱን የምትቆርጠው በግምት አይደለም፤ አሮጌውን ስፌቱን ተርትራ፣ ዘርግታ፣ በሜትር ለክታ ነው። ያረጀ ልብስ እንኳ የወንበሩን ቅርጽ ያስታውሳል። እሑድ ጠዋት የጓዳውን ትንሽ ሚዛን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ከጎኑ የሥራ ደብተሯን ከፈተች።

«እንደ ድሮው ይሥሩ» አለቻቸው። «ምንም አይቅመሱ፣ ምንም አያስቡ። ለክበቡ አንድ ትሪ እንደሚሠሩ አድርገው ይሥሩ። ግን እጅዎ ያነሣውን ሁሉ ድስቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚህ ሳህን ላይ ያሳርፉልኝ።»

«ልትመዝኚኝ ነው?»

«እጅዎን ነው የምመዝነው።»

እትዬ ቅመሱ እየሳቁም እያዘኑም ጀመሩ። ጨው ዘገኑ፤ ሳህኑ ላይ አፈሰሱት፤ ሙሽሪት አርባ አንድ ግራም ብላ ጻፈች። ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ወተቱን፣ የሰናፍጩን ማንኪያ፣ ገውዙን ስንት ጊዜ እንደፈቀፈቁ ሳይቀር መዘገበች። ያ ትሪ ኦቨን ሲገባ ሁለተኛውን ይሥሩልኝ አለች፤ ሦስተኛውንም። ቤቱ በማካሮኒ ተሞላ። ጎረቤት ሁሉ ሳህን ይዞ ሲመጣ «ምን ተገኝቶ ነው?» ይላል፤ ሙሽሪት «ስፌት ነው» ትላለች፤ የገባው ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ይስሙኝ» አለች። «የመጀመሪያው ትሪ ጨው አርባ አንድ። ሁለተኛው አርባ ሁለት። ሦስተኛው አርባ አንድ። ዱቄቱ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል። እጅዎ አልተሳሳተም እማዬ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጨው ከየት መጣ?»

«እርስዎ ይንገሩኝ። ያን ዕለት ጨው ከጨመሩ በኋላ ምን አደረጉ?»

አሰቡ። «ቀመስኩ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምንም የለውም። ደገምኩ። ቀመስኩ፤ አሁንም ምንም የለውም። ሦስተኛ ጨመርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ፈርቼ ጨርሶ ተውኩት።»

«አያችሁ» አለች ሙሽሪት፣ እንደ ዳኛ፣ ለሌለ ሸንጎ። «እጅዎ እውነቱን ይናገር ነበር። ያላመኑት እርስዎ ነዎት።»

እትዬ ቅመሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩት፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ። ከዚያ «ማመልከቻው ይቆይ» አሉ።

በማግስቱ ግን ሙሽሪት ያላሰበችውን ነገር አመጡ። እሷ ያሰበችው ነገሩ በሁለቱ መካከል ተደብቆ እንዲቀር ነበር፤ ሚዛኑ አለ፣ ደብተሩ አለ፣ እሷ ትቀምሳለች፣ ማን ያውቃል? አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው በሆዱ አምኖኝ ሃያ ስድስት ዓመት በልቷል። በሆዱ ያመነኝን አላታልልም» አሉ።

ሐሙስ ዕለት ስድስቱ ትሪ ከኦቨን ወጥቶ አሥር ደቂቃ ካረፈ በኋላ፣ ማንም ማንኪያ ሳያነሣ፣ አዳራሹ መሃል ቆሙ። አጭር ናቸው፤ ሽርጣቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይደርሳል። ድምፃቸው ግን የኋላ ጠረጴዛ ድረስ ተሰማ።

«ከመብላታችሁ በፊት አንድ ነገር ስሙኝ። ከጉንፋኑ ወዲህ ምላሴም አፍንጫዬም አይሠሩም። ጨውና ስኳር አልለይም። ባለፈው ባሕር አበላኋችሁ፤ ዝም ብላችሁ በላችሁ። ከዚያ ደግሞ ገለባ አበላኋችሁ፤ እሱንም በላችሁ። እኔን አፍራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያ እኔን ማክበር አይደለም፤ ብቻዬን መተው ነው። አሁን የምሠራው በሚዛን ነው። ቀማሾቼ እናንተ ናችሁ። ከበዛ በዛ፣ ካነሰ አነሰ በሉኝ። ይህን የማትሉኝ ከሆነ ዛሬውኑ ሽርጤን እሰቅላለሁ።»

 ሰው ሁሉ ሳህኑን ያያል። በመጨረሻ ወንበር ተንቋቋና ጋሼ ብሎን ተነሡ። እኒህ ሰው ከሥራ ጉዳይ በቀር አፋቸውን የማይከፍቱ፣ ሰው ሲያናግራቸው ፊታቸውን አዙረው የሚሄዱ፣ ኩሩ የሚባሉ ናቸው።

«እኔ ግራ ጆሮዬ ከደነቆረ ስምንት ዓመት ሆነኝ» አሉ።

በጣታቸውም ወደ ግራ ጆሯቸው ጠቆሙ።

«በዚህ በኩል ስታናግሩኝ አልሰማም። ትዕቢተኛ ትሉኛላችሁ፤ ተውኳችሁ፤ ከደንቆሮ ትዕቢተኛ ይሻላል ብዬ። ካቻቢቴዬን ሞተር ላይ ተክዬ እጀታውን መንጋጋዬ ላይ ሳስደግፍ የምታዩኝ ለጉራ አይደለም። የሞተሩን ድምፅ በአጥንቴ ነው የምሰማው። መጀመሪያ ላይ እኔም ልለቅ ነበር። አሁን ድሮ በሁለት ጆሮዬ ያልሰማሁትን እሰማለሁ።» ወደ እትዬ ቅመሱ ዞሩ። «ይሠራል እትዬ። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይሠራል።»

ከኋላ አንድ ጎማ ፈቺ «ለካ ለዚህ ነው ፈቃድ ስንጠይቅዎት የማይሰሙን?» አለ።

«እሱን በደህናውም ጆሮዬ አልሰማውም» አሉና ተቀመጡ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ ጋሼ ብሎን ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አኘኩ፣ ዘጠና ሰው አፋቸውን ያያል። «ጨው ልክ ነው» አሉ። «ቁንዶ በርበሬው ግን ትንሽ ቢጨመር አልጠላም።» ሙሽሪት ደብተሯ ላይ ጻፈች። አማቷ «ተባረኩ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሙሽሪት ተከትላ ስትገባ የእጅ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለው አገኘቻቸው። ማልቀሳቸውን እሷም አልጠየቀች፣ እሳቸውም አልነገሯት።

ያ ዓመት እንዲህ ጀመረ። ቀላል ነበር ማለት ውሸት ነው። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት ሙሽሪት አራቱን ጠርሙስ በየተራ ከአፍንጫቸው ሥር ትይዛለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ሎሚ... ሎሚ ምን ነበር?» እያሉ ይፈልጋሉ፤ ምንም አይመጣም። ልብሳቸው ሰፋቸው። ልጃቸው ከመንገድ ሲመለስ የበሰለ ማንጎ በካርቶን ያመጣላቸዋል፤ «ማር ነው ልጄ» እያሉ ይበሉለታል። እሱ ሲወጣ ወደ ምራታቸው ዞረው «ዋሸሁት» ይላሉ። ምራታቸውም «ይህችኛዋ አትቆጠርም» ትላቸዋለች።

ጓዳ ውስጥ ግን ሙሽሪት በዓይኗ ያየችው ነገር ሌላ ነው። እኒያ በምላስ ብቻ ይሠሩ የነበሩ ሴት ቀስ በቀስ ያላቸውን ሁሉ መጠቀም ጀመሩ። ቅቤና ዱቄቱ ሲታመስ ጆሯቸውን ወደ ድስቱ ያዘነብላሉ፤ እርጥበቱ ሳለ ሹክ ሹክ ይላል፣ ሲበቃው ድምፁ ይሳሳል። ስጎው ሊፈላ ሲል አረፋው እንዴት እንደሚተነፍስ ለይተው አወቁ። የማካሮኒውን ብስለት በጣታቸው መሃል ሰብረው መሃሉ ላይ በምትቀረው ነጭ ነጥብ ይለኩ ጀመር። ጋሼ ብሎን አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ሲያዩዋቸው ቆይተው «ጥሩ መካኒክ ይወጣዎት ነበር» አሏቸው፤ ከእሳቸው አፍ ደግሞ ከዚህ በላይ ምስጋና አይወጣም።

ቀማሾቹም ተማሩ። «ጥሩ ነው» ማለት ስለተከለከለ ሰው ቃል መፈለግ ነበረበት። ግሪስ በግሪስ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ «ገውዙ ዛሬ ቀድሞ መጣ» ይላል። ሌላው «የለም፣ ሰናፍጩ ነው የዘገየው» ይላል። በዚህ ክርክር ሥራ የተፈታበት ሐሙስም አለ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የጠርዙ ነገር ነው። ሙሽሪት አማቷ ምግብ ሲያስጠላቸውም ከማካሮኒው ጠርዝ ጠርዙን፣ የሚንጣጣውን ብቻ፣ ፈልፍለው እንደሚበሉ አየች።

«ይህ ይጣፍጥዎታል?» አለቻቸው።

«አይጣፍጠኝም። ይሰማኛል» አሉ። «ጥርሴ ሥር ሲሰበር አንድ ነገር እንደበላሁ አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ጠርዙ ላይ ተነሡ። ዳቦውን ሁለት ቀን አደረቁት፤ ከማድቀቅ ይልቅ በእጃቸው ሻካራ አድርገው ፈረፈሩት፤ ቅቤ ውስጥ በመጥበሻ አዙረው ደረቁን ፎርማጆ ቀላቀሉበት። ማካሮኒውን በወፍራሙ መከመር ትተው በትሪው ላይ ሳሳ አድርገው ዘረጉት። መጨረሻ ላይ የኦቨኑን የላይ እሳት ለአራት ደቂቃ ይለቁበትና በመስታወቱ በኩል ቆመው ይጠብቁታል። ያን ዓመት የወጣው ማካሮኒ ላዩ እንደ ብስኩት ይሰበራል፣ ሥሩ እንደ ክሬም ይሳባል። ሙሽሪት እውነቱን እናውራ ከተባለ ከድሮው ይበልጥ ነበር ትላለች። የትሪ ማዕዘን ማግኘት ማዕረግ ሆነ። ስድስት ትሪ ሃያ አራት ማዕዘን ብቻ ስላለው ሠራተኞቹ ተራ አወጡ፤ ተራውን የዘለለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይወቀሳል።

ጣዕም ባጡ በአሥራ አንደኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጋሼ ብሎን ውሃ ሊጠጡ ጓዳ በር ላይ ቆሙ። እትዬ ቅመሱ ድንች ሲልጡ እጃቸው ቆመ።

«አንቱ፣ ምንድን ነው እርስዎ ላይ ያለው?» አሏቸው።

«የት?»

ቢላውን ጥለው ተነሡና የሰውየውን ቱታ እጅጌ ይዘው አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። ሳቡ። ደግመው ሳቡ። «ናፍጣ» አሉ። «ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት። እግዚኦ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ እየሸተታችሁ ነው ስታመሰግኑኝ የኖራችሁት?» ጋሼ ብሎን እጅጌያቸውን አልነጠቁም። ሴትየዋ እስኪጠግቡ ቆሙላቸው።

ሐኪሙ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ነርቩ ሲያገግም መንገድ ይሳሳታል አለ። እውነቱን ነበር። ከሳምንት በኋላ ፎርማጆው ሳሙና ሳሙና ይሸታቸው ጀመር፤ ሽንኩርቱ የተቃጠለ ጎማ። ሁለት ወር ሙሉ የሚያጥወለውላቸውን ምግብ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ፣ ከደብተሩ አንድ ግራም ሳያዛቡ ለዘጠና ሰው ሠሩ። «ለእኔ ነው የሸተተው፤ ለእነሱ አይደለም» ይሉ ነበር። ሙሽሪት ከዚያ ዓመት ሁሉ ይህን ሁለት ወር ነው አብልጣ የምታደንቀው። ጣዕም የሌለውን ነገር መታገስ አንድ ነገር ነው፤ የሚያስጠላህን ነገር ለሌላው ሰው አጣፍጠህ ማቅረብ ግን ሌላ ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሙሽሪት አንድ ጥቅል ክር ለመውሰድ በክበቡ በኩል ስታልፍ የጓዳው በር ገርበብ ብሎ ነበር። አማቷ የትናንቱን ትሪ ከማቀዝቀዣ አውጥተው፣ ቀዝቃዛውን፣ በቁማቸው፣ በእጃቸው ይበላሉ። ጠርዙን አይደለም። መሃሉን፣ ለስላሳውን። ይጎርሳሉ፣ ያቆማሉ፣ ጣሪያውን ያያሉ፣ ደግመው ይጎርሳሉ። ከንፈራቸው «ሰናፍጭ» ሲል አየች። ቀጥሎም ሌላ ቃል አለ፤ ምን እንደሆነ አልሰማችም። ልትገባ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ነበር፤ መለሰችው። በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ያን ጠዋት የሰፋችው የወንበር ልብስ ስፌቱ ተጣሞ ቀርቷል፤ አሁንም አንድ አውቶቡስ ላይ አለ።

ጣዕሙ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ጨውና ጣፋጩ መጣ፤ ሽታው ግን አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል፤ ገውዝ ጨርሶ ቀረ። እሳቸውም ሚዛኑን አልተዉም፣ ቀማሾቹንም አላሰናበቱም። እንዲያ ሆነው ሦስት ዓመት ሠሩና በጡረታ ወጡ። በቦታቸው የተተካው ወጣት ወጥ ሠሪ ደብተሩን ተረከበ፤ በየመሃሉ የወንበር ልኬት ያለበትን፣ «የጀርባ ስፋት ስልሳ ሁለት ሳንቲም» ከሚለው ሥር «ሰናፍጭ ሁለት ማንኪያ» የሚለውን።

አሁንም ሐሙስ ረፋድ ላይ ቤት ስልክ ይጮኻል።

«እትዬ፣ ስጎው አላማረኝም» ይላል ወጣቱ ወጥ ሠሪ።

«ስልኩን ድስቱ አጠገብ አድርገው።»

ጓዳ ውስጥ ቆመው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ በሌላው እጃቸው ዝም በሉ ብለው ቤተሰቡን እየከለከሉ ያዳምጣሉ። ልጃቸው ከመንገድ የገባ ከሆነ እሱም ማንኪያውን አስቀምጦ ይጠብቃል።

«ምንም አልሆነም» ይላሉ በመጨረሻ። «እሳቱን ቀንስና ማማሰልህን ቀጥል። ገና ነው።»